የአቤቱታ ሰዋስው፦ ስለ መተከል ዜናዎችና ስለ ቅሬታ አጻጻፍ

«አቤቱታ» «አቤት» ከሚለው ጥሪ ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ቀድሞ ፍትሕ የተጓደለበት ሰው ሹም በሚያልፍበት መንገድ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። ዛሬ ጩኸቱ ወደ ወረቀት ተላልፎ «ጉዳዩ» በሚል መስመር ይጀምርና «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ያበቃል። የሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ግን ይህን የጽሑፍ ዓይነት እምብዛም አይመረምረውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዜና አሠራጭ የሚቀርብ አቤቱታን እንደ ማንኛውም ምንባብ ለማየት እሞክራለሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ አሶሳ በነበርኩበት ወቅት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያሳየኝ ደብዳቤ ነው። እሱ የመተከል ሰው ነው። ስለ አካባቢው የቀረበ ዜና ወገንተኛ ነው ብሎ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ አማርኛውን እንዳርምለት ጠየቀኝ። ሆሄውን አርሜ መለስኩለት። ጣቢያው መልስ አልሰጠም።

የነገሩ ክብደት የታወቀ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በደረሰው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታውቋል። ከዚያ ቀደም በ2011 ዓ.ም. በዳንጉርና በጃዊ አካባቢ በተነሣው ግጭት ጉሙዞችም ተገድለዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ የዜና ቃል ብዙ ይሸከማል።

በዘመኑ ዜናዎች ደጋግመን የሰማናቸውን አባባሎች እንይ። የመጀመሪያው የግሡ ጉዳይ ነው። በ«ገደለ» ውስጥ አድራጊው አለ፤ «ተገደለ» ብንል ግን ዐረፍተ ነገሩ ያለ አድራጊ ይሟላል። «የጸጥታ ችግር ተከሰተ» ስንል ደግሞ ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ሟቹም ይጠፋል፤ ነገሩ እንደ ጎርፍ ራሱን ችሎ የመጣ ይመስላል። ሕዝቡ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲል አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጧል። የዜናው አማርኛ ከዚህ ተረት ያነሰ ነው።

ይሁን እንጂ ተደራጊ ግሥ ሁሉ የወገንተኝነት ምልክት አይደለም። ዘጋቢው ገዳዩን በእርግጥ ካላወቀ «ተገደሉ» ማለቱ ጥንቃቄ ነው። ወገንተኝነት የሚታየው በንጽጽር ነው፦ ማስረጃው በተመሳሰለበት ሁኔታ ለአንዱ ወገን ሞት «ገደሉ»፣ ለሌላው «ሕይወታቸው አለፈ» ከተባለ ያኔ የሚያከራክር ነገር አለ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. «ባድ ኒውስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የብሪታንያን የቴሌቪዥን ዜና የመረመሩት የስርጭቱን ቃል ቀርጸው በመያዝና በማነጻጸር ነበር።

ሁለተኛው የስያሜ ጉዳይ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ወደ ፓዌ ያሰፈራቸው ገበሬዎች ልጆች እዚያው ተወልደው ዛሬም «ሰፋሪ» ይባላሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 784,345 ሕዝብ ውስጥ በርታ 26፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው 21 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ኦሮሞው፣ ሺናሻው፣ አገው፣ ማኦና ኮሞውም አሉ። ግማሽ የሚሞላ ማንም የለም። ታዲያ ዜናው «የክልሉ ሕዝብ» ሲል ማንን ነው? «ነባር» እና «መጤ» ሲልስ ከየትኛው ዘመን ጀምሮ ቆጥሮ ነው?

አሁን ወደ ተማሪዬ ደብዳቤ ልመለስ። «ወገንተኛ»፣ «አሳፋሪ»፣ «ሐሰተኛ» የሚሉ ቅጽሎች ሞልተውታል። ዜናው የቀረበበት ቀን፣ ሰዓትና አነጋገሩ ግን አንድም ቦታ የለም። ተቀባዩ «የቱ ዜና?» ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። ደብዳቤው ዜናውን «ገዳዩን ደበቀ» ብሎ ሲከስ፣ እሱ ራሱ ገዳዩን በአንድ ሕዝብ ስም ጠራው፤ ያውም ጉሙዞች በሚጠሉት የጥንት ስድብ። ዜናው አድራጊውን አጠፋ፤ አቤቱታው አድራጊውን አባዝቶ ያልገደለውንም ጨመረ። ሁለቱም በደለኛውን ለይቶ ከመጥራት ሸሹ። እኔም ያን ስድብ አይቼ፣ የልጁን ኀዘን ላለመንካት ስል፣ ሆሄውን ብቻ አርሜ አለፍኩት። ጥፋቴ ነበር።

መብቱስ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችለው አኳኋን እንዲመራ ያዛል፤ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያረጋግጣል። መብቱ ግን ጸሐፊ ይፈልጋል። ጥሩ አቤቱታ ቀኑንና ሰዓቱን ይጠራል፤ የተባለውን ቃል በቃል ያሰፍራል፤ ጣቢያው ስለ ሌላ ሞት ከተናገረው ጋር ያነጻጽራል፤ የሚጠይቀውን እርማት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል፤ ማንንም በዘሩ አይከስም።

ይህ ሁሉ ለግጥምና ለልቦለድ የምናስተምረው የንባብ ሙያ ነው። ተማሪዎቻችን አንድን ስንኝ ቃል በቃል እንዲፈትሹ ስናሠለጥን፣ የምሽቱን ዜና የሚተዉበት ምክንያት አይታየኝም። ተማሪዬ ደብዳቤውን እንደገና ቢያመጣልኝ የምጀምረው ከሆሄው አይደለም፤ ከዚያች አንዲት ቃል ነው።