ዘሩ የተረፈ ፈረስና ስሙ የተረፈ ፈረስ

በጦርነት ጊዜ ሰው ከእሳት አስቀድሞ የሚያወጣውን ያየ፥ ያ ሰው ምን እንደሚያከብር ያውቃል። አንዱ ታቦቱን፥ አንዱ መጽሐፉን፥ ሌላው ፈረሱን ያወጣል። የዋልት ዲዝኒ ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ያወጣው፥ አርተር ሂለር ያዘጋጀው «የነጫጭ ድንጉላዎች ተአምር» የተባለው ፊልም የሚተርከው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ፊልሙን ያየሁት ለትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ ነው። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ግን ከየካ ኮረብታ ወደ እንጦጦ በወጣሁ ቍጥር ይታወሰኛል፤ ስለዚህ ስለ ፊልሙና ስለ እኛ የፈረስ ታሪክ አጻጻፍ አንድነት ጥቂት ሒስ ለማቅረብ አሰብሁ።

የፊልሙ መሠረት እውነተኛ ታሪክ ነው። በቪየና ያለው የእስጳንያ ግልቢያ ትምህርት ቤት ሊፒዛነር የሚባሉትን ነጫጭ ፈረሶች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያሠለጥን ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በ1937 ዓ.ም.፥ የትምህርት ቤቱ አለቃ ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ ድንጉላዎቹን ከቦምብ አሽሽተው ወደ ላይኛው ኦስትርያ ወሰዷቸው፤ ሚያዝያ 29 ቀንም በአሜሪካዊው ጄኔራል በፓተን ፊት አስጋልበው ካሳዩ በኋላ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ለመኑ። ባዝራዎቹና ውርንጭላዎቹ ግን በዚያን ጊዜ በቦሔምያ፥ ሆስታው በተባለው የፈረስ ማርቢያ ነበሩ። የሶቪየት ጦር ከምሥራቅ እየቀረበ ሲሄድ፥ በኮሎኔል ቻርልስ ሪድ የሚመራው የአሜሪካ ሁለተኛ ፈረሰኛ ጦር ከጀርመን ጠባቂዎች ጋራ ተስማምቶ ሚያዝያ 20 ቀን ስፍራውን ያዘ፤ በግንቦትም ፈረሶቹን ወደ ባቫርያ አሻገረ። ይህ ጦር ስሙ ፈረሰኛ ይባል እንጂ በዚያን ዘመን የሚጓዘው በመኪናና በታንክ ነበር።

ፊልሙ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው ከርእሱ ይጀምራል። ተአምሩ የድንጉላዎች ሆኖ ተቈጥሯል፤ ልብ የሚያነሣሣውም ስፍራ በጄኔራሉ ፊት የሚደረገው ትርኢት ነው። ነገር ግን የቪየና ድንጉላዎች ሁሉ ድነው የሆስታው ባዝራዎች ቢጠፉ ኖሮ፥ የተረፈው የአንድ ትውልድ ትርኢት እንጂ ዘር ባልሆነ ነበር። ሁለተኛው ጉድለት የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በሆስታው የነበሩት ፈረሶች ሁሉ የኦስትርያ አልነበሩም፤ የናዚ መንግሥት ከፖሎኝ፥ ከዩጎዝላቭያና ከኢጣልያ ማርቢያዎች የወሰዳቸውም ነበሩባቸው። ከጦርነቱ በኋላም ከፈረሶቹ አንዳንዶቹ እንደ ምርኮ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተጭነዋል። በማዳንና በመማረክ መካከል ያለው ወሰን ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ፊልሙ ሊያሳየን ይችል ነበር፤ ሆኖም ዝም ብሎ አልፎታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ልንክድለት አይገባም። የእነዚያ ፈረሶች አባትና እናት፥ አያትና ቅድመ አያት በመዝገብ ተጽፎ ይታወቅ ስለ ነበረ፥ ሊያድኗቸው የተነሡት ሰዎች ምን እንደሚያድኑ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያሳተሙት የፈረስ ስም ጥናት፥ ባይጻፍ ኖሮ ከሽማግሌዎች ጋራ ይቀበር የነበረውን ብዙ ነገር ያተረፈ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ጌታው በመንገድ በበቅሎ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ፈረሱ ግን ጕልበቱ ለጦርነቱ ቀን እንዲቈይ ከጎኑ ይሳባል። ጌታው ሲሞትም ፈረሱ ኮርቻውን እንደ ተጫነ ለቅሶው ላይ ይቀርባል። ፈረስ ለባላባቱ ሁለተኛ ሰውነቱ ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም የፊልሙ ጉድለት በእኛም ዘንድ አለ፤ ምናልባትም ይብሳል። የፈረሱን ስም ያቈየነው ለጌታው መጠሪያ ስለ ሆነ ነው። ዳኘው ከየትኛው ባዝራ ተወለደ? ማን አሳደገው? ሣር ያጨደለት፥ ሌሊት የጠበቀው አሽከር ማን ይባላል? ይህን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ስሙ ከጌታው ጋራ ወደ ታሪክ ገባ፤ ፈረሱ ግን ከደጅ ቀረ።

በየካ ክፍለ ከተማ ባልደራስ የሚባል ሰፈር አለ። ባልደራስ ማለት የንጉሥ ፈረሶች አለቃ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ የሚኖረው ሰው ቃሉን የሚያውቀው የመኖሪያ ሕንፃዎች ስም አድርጎ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑበት ወደ እንጦጦ ማርያም አቅጣጫ ሲወጡ፥ በባሕር ዛፉ መካከል ጭነት የተሸከሙና ለጎብኚ የሚከራዩ ፈረሶች ይገኛሉ። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋራ ስንወጣ አንድ ልጅ ዳማ ፈረስ ይዞ አገኘንና የፈረሱን ስም ጠየቅሁት። «ዳማ ነው የምንለው» አለኝ። እናቱስ? ብለው፥ በትሕትና ፈገግ ብሎ «ጋሼ፥ ከሱሉልታ ገበያ ነው የተገዛው» ሲል መለሰልኝ። ልጁ አላጠፋም፤ እኛም ስለ ነገሥታቱ ፈረሶች ከዚህ የበለጠ መልስ የለንምና።

የዘር መዝገብ የነገሥታት ቅንጦት ነው፥ ለገበሬ አገር አይስማማም የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን በአዊ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፥ አገሪቱ በኢጣልያ ወረራ ሥር ሳለች ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከአርበኞቹ ጋራ የዋሉትን ፈረሶችም ያስባሉ። ጄኔራል ሳያዝዝ፥ ታንክም ሳይመጣ፥ በጭንቅ ዘመን የተመሠረተ የገበሬዎች ማኅበር ፈረሱን ከነክብሩ ለልጅ ልጅ አስተላለፈ። ለእኔ እውነተኛው የማዳን ታሪክ ይህ ነው፤ ፊልም የሚገባውም ለእርሱ ነበር።

የኢትዮጵያ ፈረስ ዛሬም ብዙ ነው፤ ቍጥሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ነገር ግን የቍጥር ብዛት የዘር ዋስትና አይደለም። ሊቃውንት ስምንት ዓይነት የአገር ፈረስ ለይተዋል። ከነዚህ አንዱ፥ በሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ በዱር የሚኖረው፥ ከመጥፋት አፋፍ ደርሷል። ሌላው የሰላሌ ፈረስ ነው፤ አገሩም ከእንጦጦ ጀርባ፥ ከሱሉልታ ማዶ ነው። ያ ልጅ የያዘው ዳማ ምናልባት የዚሁ ዘር ሊሆን ይችላል፤ የጻፈለት ግን የለም።

ስለዚህ የፈረስን ባሕል የምናጠና ሁሉ ከእንግዲህ ከፈረሱ ስም ጋራ የባዝራይቱን ስም፥ የአሳዳጊውን ስምና የተወለደበትን መስክ እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። በየካ፥ በሱሉልታና በሰላሌ ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይጻፍ። ጭንቅ ቀን ሲመጣ ምን እንደምናድን ማወቅ የምንችለው አስቀድመን ከጻፍነው ብቻ ነው።