«የሙቀት መጠን» ምን ይለካል? በመካኒካል ምሕንድስና የትምህርት ዘርፎች ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው ከሚያልፍባቸው ዘርፎች ዋና ዋናዎቹ የጠጣር አካላት መካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፍሉድ መካኒክስ፣ የሙቀት ዝውውር፣ የማሽን ንድፍና የማምረቻ ዘዴ ናቸው። ለእነዚህ የአማርኛ ስያሜ ለማውጣት የተደረገው ጥረት የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፣ ከዕለታዊ ንግግር የተወሰደው ቃል ዘርፉ የቆመበትን ልዩነት ሲደመስስ ዝም ተብሎ መታለፉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ በቴርሞዳይናሚክስ ይገኛል። ይህ ዘርፍ የተወለደው ከእንፋሎት ሞተር ጥናት ነው፤ ሳዲ ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመረመረውም ሙቀት እንዴት ሥራ እንደሚሠራ ነበር። እንግዲህ «ሙቀት» አንድ ነገር፣ በቴርሞሜትር የሚነበበው ሌላ ነገር መሆኑ የትምህርቱ መነሻ ነው። አማርኛው ግን ሁለተኛውን «የሙቀት መጠን» ይለዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የተጣደ ድስት መፍላት ከጀመረ በኋላ እሳቱ ሙቀት መስጠቱን አያቋርጥም፤ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት እስኪለወጥ ድረስ 2,280 ኪሎጁል ያህል ይቀበላል። ቴርሞሜትሩ ግን ከ92 ፈቀቅ አይልም። ታዲያ የሙቀቱ መጠን ጨመረ እንበል ወይስ አልጨመረም? በጁል የሚለካው ጨምሯል፤ በዲግሪ የሚለካው ባለበት ቆሟል። ሐረጉ ቃል በቃል ሲፈታ የሚስማማው ለመጀመሪያው ሲሆን፣ እኛ የሰጠነው ለሁለተኛው ነው። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ሲያገኛቸው መውጫ የለውም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «የሙቀት ደረጃ» ቢባል ይሻላል፤ ዲግሪ ራሱ ደረጃ ነውና። የአየር ጠባይ ዘገባ የለመደውን ይዞ ይቀጥል፤ የሙያ መዝገበ ቃላት ግን ልማድን ሰበብ ማድረግ አይገባውም።

«ኃይል»ም ከዚህ ያልተናነሰ ሸክም ተጭኖበታል። በኒውተን፣ በጁልና በዋት የሚለኩት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ኃይል» ግን ለሦስቱም ሲያገለግል ይታያል፤ «ጉልበት»ም በአንዱ ጽሑፍ ለመጀመሪያው፣ በሌላው ለሁለተኛው ይውላል። «የኤሌክትሪክ ኃይል» የሚለው አጠራር ሥር ስለሰደደ «ኃይል»ን ለዋት መተው፣ «ጉልበት»ን ለኒውተን መስጠት፣ ለጁል ደግሞ «ኢነርጂ»ን እንዳለ መቀበል ይቻላል። ይህን የውሰት ቃል የሚጠላ ቢኖር «መሐንዲስ» ራሱ ከዓረብኛ የመጣ መሆኑን ያስታውስ።

የፍሉድ መካኒክስን «የፈሳሾች መካኒክስ» ማለትም ስሕተት ነው። «ፈሳሽ» ከ«ፈሰሰ» ስለወጣ በግሱ ለጋዝም በተስማማ ነበር፤ ነገር ግን «ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ» ተብሎ ከተከፈለ በኋላ በሩ ተዘግቷል። የአውሮፕላን ክንፍ የሚጠናው በዚሁ ዘርፍ ነው፤ አየር ደግሞ ፈሳሽ አይባልም። በምትኩ «ወራጅ» እንበል የሚል ቢነሳ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ይስቅበታል። «ፍሉድ» ይቆይ።

በቁሶች ጥናት «ጥንካሬ» አራት ባሕርያትን ብቻውን ይሸከማል። ብርጭቆ ለመጫር ያስቸግራል፤ ሲወድቅ ግን ይሰባበራል። ስለዚህ ጭረትን መቋቋም፣ ሳይሰበር ምትን መቻል፣ ለመለጠጥ አለመበገርና እስኪበጠስ ድረስ ጭነት መሸከም አንድ አይደሉም። «ጥጥርነት»፣ «ጽናት» እና «ግትርነት» ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቅደም ተከተል ተመድበው «ጥንካሬ» ለመጨረሻው ብቻ ቢቀር የማሽን መመሪያ የሚተረጉም ሰው እጁ ይፈታለታል። ዛሬ «ጠንካራ ብረት» ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው ምት የሚችለውን ፈልጎ በቀላሉ የሚሰነጠቀውን ሊገዛ ይችላል።

የማምረቻ ዘርፍ ግን ቃል አልቸገረውም። «ብየዳ»፣ «ሞረድ»፣ «ጉጠት» እና «ወናፍ» ከባለ እጁ ዘንድ አሉ፤ «ቶርኖ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ዳዶ» እና «ካቻቢቴ» ከጣሊያንኛ መጥተው በየጋራዡ ኖረዋል። አንዳንድ የቃላት ዝርዝር አዘጋጆች እነዚህን «የጋራዥ ቋንቋ» ብለው ትተው «ዳዶ»ን በአንድ ሙሉ ሐረግ ሲተኩ ታዝበናል። ያን ሐረግ ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሄደ ሰው ዳዶውን ሳይገዛ ይመለሳል።