ራሱ ተጫውቶ ራሱ ያጨበጨበው ሰው

በቅርቡ አንድ ምሽት በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን «አሜሪካዊ በፓሪስ» የተሰኘውን የሆሊውድ ፊልም ተመልክተናል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1951 በቪንሴንቴ ሚኔሊ አዘጋጅነት የተሠራና የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመ ነው። የጂን ኬሊን ዳንስ ሁላችንም አደነቅን። ወደየመጠለያችን ስንመለስ ያከራከረን ግን እሱ ሳይሆን፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሲጋራውን እያጨሰ በሁሉ ነገር የሚያሾፈው ፒያኖ ተጫዋች ነበር።

ሰውየው ኦስካር ሌቫንት ይባላል። በ1906 በፒትስበርግ ከተማ፣ ከሩሲያ ከተሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በፊልሙ ውስጥ አዳም ኩክን ሆኖ ይጫወታል። አዳም ገና በመግቢያው ላይ የኮንሰርት ፒያኒስት መሆኑን ይነግረንና፣ ይህ ማዕረግ ለሥራ ፈትነት የተደረበ ካባ መሆኑን ወዲያው ያክልበታል። ሣቅን። ሁለት ጓደኞቹ አንዲቷን ሴት እንደሚወዱ ሳይተዋወቁ ስለ ፍቅራቸው አብረው ሲዘፍኑ፣ ምሥጢሩን የሚያውቀው አዳም መካከላቸው ተቀምጦ በሲጋራውና በቡናው ይርበተበታል። አሁንም ሣቅን።

ክርክሩ የተነሣው በሕልሙ ላይ ነው። አዳም በጠባብ ክፍሉ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ በትልቅ አዳራሽ የጆርጅ ገርሽዊንን ኮንቸርቶ ሲጫወት ያልማል። ወዲያው የኦርኬስትራው መሪ ራሱ ሆኖ ይታያል። ቫዮሊን የሚጫወቱት እሱ፣ ከበሮ መቺው እሱ፣ ከተመልካቹ መካከል ሆኖ «ብራቮ!» እያለ የሚያጨበጭበውም እሱ ነው። ከፊሎቻችን «ተራ ቀልድ ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ሣቁ ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ትርዒቱን ደግመን ስናየው የተረዳነው ይህን ነው። አዳም በሕልሙ የአዳራሹን ወንበር ሁሉ ሲይዝ አንድ ቦታ ግን አልያዘም፤ የደራሲውን ቦታ። ሙዚቃው የገርሽዊን ነው። ሌቫንት በእውነተኛ ሕይወቱ የገርሽዊን የቅርብ ወዳጅ ነበር። ገርሽዊን በ1937 በ38 ዓመቱ ሲሞት፣ ሌቫንት የወዳጁን ሥራዎች በመጫወት ስሙ ገነነ። እሱም በአርኖልድ ሾንበርግ ሥር የተማረ ደራሲ ነበር፤ የራሱም ኮንቸርቶ አለው። ዓለም የሚያስታውሰው ግን በወዳጁ ሙዚቃ ነው። በዚያ ሕልም የምንሰማው ጣት የራሱ የሌቫንት በመሆኑ፣ ነገሩን ተራ ቀልድ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በፊልሙ ላይ አንድ ነቀፌታ አለን። ፍቅረኞቹ በመጨረሻ ይገናኛሉ፤ አዳም ግን ኮንሰርቱን ያግኝ አያግኝ ሳይነገረን ይቀራል። ፊልሙ በሰውየው ካሳቀን በኋላ ረሳው።

ነቀፌታው ለእኛም ይተርፋል። ሌቫንት በአእምሮ ሕመምና በመድኃኒት ሱስ ሆስፒታል ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። በ1955 ያው አዘጋጅ በሠራው «የሸረሪት ድር» በተባለ ፊልም የአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ታካሚ ሆኖ ተጫውቷል። በ1972 የሞተው ይህ ሰው ሕመሙን ራሱ እያሾፈበት ሕዝብ ይሥቅ ነበር። እኛስ? በውኃ ወረፋ ላይ ብቻውን የሚያወራውን ሰው «ነካ ያደርገዋል» ብለን ሥቀን እናልፈው የለምን? የሚርበተበቱት እጆች ምን ማድረግ እንደሚችሉ መቼ ጠየቅን?

ሂስ ሌላውን መንቀፍ ብቻ ሳይሆን ራስንም መመርመር ነውና፣ ይህን በራሳችን ላይ ጽፈናል። በመካከላችን ሌሊት በኩራዝ ጽፈው ለማንም ያላነበቡ እንዳሉ እናውቃለን። ይዛችሁልን ኑ። ጥሩ ከሆነ እናጨበጭባለን፤ ካልሆነም ፊት ለፊት እንነግራችኋለን። ለራሱ የሚያጨበጭብ ሰው ግን በመካከላችን እንዲኖር አንፈልግም።