«ሴት ያሳደገው» ከማለት እስከ «ሁለት ወንድ ያሳደጉት»

«ሴት ያሳደገው» የሚለውን ስድብ እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ በምንኖርበት አገር ሁለት ወንዶች ልጅ ወስደው ያሳድጋሉ ሲባል ብንደነግጥ አይገርምም። አባት የሌለበትን ቤት ጎደሎ ያለ ባህል እናት ለሌለችበት ቤት ምን ስም እንደሚያወጣ መገመት አያዳግትም። (በነገራችን ላይ፣ «ግብረ ሰዶማዊ» የምንለው ቃል ራሱ ፍርዱን ከክርክሩ በፊት ይዞ ስለሚመጣ፣ እኔ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ማለትን መርጫለሁ።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሃይማኖት ጋር መሟገት አይደለም። የሃይማኖት አባቶች ስለ ጋብቻ የሚያስተምሩት ከመጽሐፋቸው ነው፤ ለዚያም የሳይንስ ምርኩዝ አያስፈልጋቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ የተማረው ወገናችን ነው። «እነዚህ ልጆች እንደሚበላሹ የአሜሪካ ጥናት አረጋግጧል» ይለናል። የትኛው ጥናት? ሲባል፣ መልስ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የማርክ ሬግኔረስ ነው።

ሬግኔረስ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 39 የሆኑ 2,988 አሜሪካውያንን የጠየቀበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተመ። በአባታቸው በኩል የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እንደነበረ የተናገሩት በብዙ መለኪያ ሳይፋቱ ከኖሩ ወላጆች ልጆች ያነሰ ውጤት አሳዩ። ዜናው የተሰራጨው እስከዚህ ድረስ ነው።

አሁን ጥያቄውን እንመልከት። ተጠያቂዎቹ የተጠየቁት «ማን አሳደገህ?» ተብለው አልነበረም። 18 ዓመት እስኪሞላህ ድረስ ከወላጆችህ አንዱ ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር የፍቅር ግንኙነት ኖሮት ያውቃል ወይ? ነው የተባሉት። አባቴ ኖሮታል ያሉት 73 ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከአባታቸውና ከአባታቸው ወዳጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት የኖሩት 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ከ73 ሰው 2 በመቶ ስንት እንደሆነ አንባቢ ያስላው! እንግዲህ «በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ አባቶች ስላደጉ ልጆች» የሚጠቀሰው ጥናት፣ እንዲህ ያደገ ሰው የሌለበት ያህል ነው። የተበተነን ቤት ካልተበተነ ቤት ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን በአባትየው ላይ ማላከክ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ የሚታረምበት ስህተት ነው። ሬግኔረስ ራሱ መንስኤውን አረጋግጫለሁ አላለም፤ አረጋገጠ ያሉት ጠቃሾቹ ናቸው። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ዊዘርስፑን ኢንስቲትዩት ከተባለ ወግ አጥባቂ ተቋም መሆኑን ብዙዎች ያነሳሉ። እኔ ለዚህ ብዙ ክብደት አልሰጥም፤ ገንዘብ ሰጪው ማንም ይሁን ማን፣ ጥያቄው ጠማማ ነው። በ2014 በሚሺጋን፣ በሬጋን የተሾሙት የፌዴራል ዳኛ በርናርድ ፍሪድማን ምስክርነቱን ሰምተው ፈጽሞ የማይታመን ነው ብለው ጣሉት።

በዚያው ዓመት የካምብሪጇ ሱዛን ጎሎምቦክና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር በጉዲፈቻ የተወሰዱ፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን አጥንተው ነበር፤ 41 የወንድ ጥንዶች፣ 40 የሴት ጥንዶች፣ 49 የወንድና የሴት ቤተሰቦች። በሁለት አባቶች ቤት የወላጅነቱ አያያዝ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የጠባይ ችግርም በወንድና በሴት ቤት ካሉት ልጆች ያነሰ። ወንዱ ልጅ ሴታ ሴት ይሆናል የሚለው ስጋትም አልታየም። ልጁን የሚጎዳው የወላጅ ጭንቀት እንጂ የቤተሰቡ ዓይነት አልነበረም። ሆኖም ለማጨብጨብ አንቸኩል። 41 ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ እነዚህ አባቶችም በጉዲፈቻ ድርጅት ወንፊት ያለፉ ናቸው። ጥናቱ ሁለት አባት ከእናትና ከአባት ይበልጣል አያሰኝም። የሚያፈርሰው «የግድ ይበላሻል» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህ ሲነገር ክርክሩ ቦታ ይቀይራል፤ «እሺ፣ ግን ልጁን በትምህርት ቤት ይሳለቁበታል» ይባላል። ልጁ በምሳ ዕቃው እንጀራ ይዞ በመሄዱ ያላገጡበት ስንት ወላጅ በመካከላችን አለ! የዚያን ዕለት ማታ ጥፋተኛ ያደረግነው እንጀራውን አልነበረም።