ከ«ደህና ነኝ» ወዲያ

የግል የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ የሚይዝ አዲስ አበቤ ብዙ ጊዜ ራሱ አይደውልም። እህቱ ትደውልለታለች፤ ወይም በቴሌግራም «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ይጽፍና ለሳምንታት ይጠፋል። የሚያስፈራው ነገር አለ። በከተማዋ «አማኑኤል ይግባ!» ማለት ዛሬም ስድብ ነው፤ ያ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የስንቱን ቤተሰብ መከራ እንደተሸከመ ተሳዳቢው አያስበውም። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ደረጃውን ወጥቶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው፣ በመጣበት ችግር ላይ «ማን አየኝ ይሆን?» የሚል ስጋት ደርቦ ነው የሚገባው። «እንዴት ነዎት?» ሲባል ደግሞ አፉ በልማድ ይመልሳል፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» የባለሙያው ሙያ የሚፈተነው ከዚህች መልስ በኋላ ነው።

ማን ዘንድ እንደሚሄዱ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መርምሮ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ የሚያክመው በንግግርና በልምምድ ነው። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ሰው አለ። «አማካሪ» የሚለው ማዕረግ በየማኅበራዊ ሚዲያው እንደ ልብ ስለሚለጠፍ፣ «የት ተማሩ? የሙያ ፈቃድ አለዎት? እንደኔ ያለ ችግር የገጠመው ሰው ይዘው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት መቆጠር የለበትም። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ባለሙያ ዘንድ መቆየት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ግድም ነው፤ አንዳንዶች ለዚያ ቀን ረዘም ያለ ሰዓት ይመድባሉ። ብዙ ሰው በዚያ ቀን ልቡን ዘርግፎ፣ መፍትሔ ይዞ የሚወጣ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ግን ጥያቄ ነው። መቼ ጀመረዎት? እንቅልፍስ? ምግብስ? መጠጥ፣ ጫት? ከቤተሰብዎ እንዲህ ያመመው ሰው ነበር? አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ጭንቀትና ድብርት በእኛ አገር ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት ማቃጠል ሆነው ስለሚመጡ፣ የላብራቶሪ ውጤት በፌስታል ታቅፈው የሚመጡ አሉ። ባለሙያው ያንን ፌስታል አይንቀውም። የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ሆነ የደም ማነስ ድብርት መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ያልተመረመረ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይላካል።

ጸበልም ይጠየቃል፤ ሊጠየቅም ይገባል። ደንበኛው እንጦጦ ጸበል ገብቶ እንደነበር ከባለሙያው ይደብቃል፤ ክኒን እንደሚወስድ ደግሞ ከአጥማቂው። በመሀል መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ አቋርጦ የሚብስበት ሰው አለ። ስለ ጸበል፣ ስለ ዱዓ፣ ስለ ንስሐ አባት ሳያፍሩ ማውራት እንደሚቻል ገና በመጀመሪያው ቀን መናገር የሙያው ግዴታ ነው። የሰውን እምነት የሚያጣጥል ባለሙያ ግማሽ ታሪክ ብቻ እየሰማ ይቀመጣል።

ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ በወረቀት ይቀርባሉ። በብዛት የሚታወቀው ፒኤችኪው 9 የሚባለው መጠይቅ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው ሁኔታ ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚይዝ ድምሩ ከ27 አይበልጥም። የአማርኛ ቅጂውም አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚያ ሲደርስ የብዙ ሰው እስክሪብቶ ይቆማል። ባለሙያው ጉዳዩን ለወረቀቱ አይተወውም፤ ሳያድበሰብስ በቃሉ ይጠይቃል። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ እንደማይዘራ በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ፤ እንዲያውም ለብቻው ሲያብሰለስለው የቆየ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል።

ከዚያ የምስጢር ነገር ይመጣል። እዚያ የሚነገረው ከክፍሉ እንደማይወጣ፣ ሊወጣ የሚችልበት ሁኔታም እንዳለ አብሮ ይነገራል። በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀው ጉዳይ የካሊፎርኒያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በበርክሌይ አንድ ታካሚ ታቲያና ታራሶፍ የተባለችን ወጣት ሊገድል እንደሚያስብ ለሳይኮሎጂስቱ ተናገረ። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊስም ይዞ ለቀቀው። ለእሷ የነገራት አልነበረም፤ ተገደለች። በ1976 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው ከአደጋው የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ወሰነ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ገደቡን ገና ሳይጀምሩ የሚናገሩት ለዚህ ነው፦ በራስ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የተቃረበ አደጋ ካለ፣ ሕፃን ልጅ እየተጎዳ ከሆነ ዝም አይባልም።

አዲስ አበባ ውስጥ ምስጢር በየቀኑ የሚፈተነው ግን በለቅሶ ቤትና በሰርግ ቤት ነው። ከተማዋ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ሁሉም ይገናኛል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ ይናገራል፦ «ውጭ ብንገናኝ እርስዎ ካልቀደሙኝ ሰላም አልልዎትም፤ እንዳይቀየሙኝ። አብሮዎት ያለው ሰው የት እንደተዋወቅን እንዳይጠይቅዎት ብዬ ነው።» ሰላምታ መንፈግ ነውር በሆነበት አገር ይህ ካልተነገረ ቅያሜው እውነተኛ ነው። ሌላው ፈተና ከፋዩ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ብሩን ይልክና «እንዴት ነው፣ ለውጥ አለው?» ብሎ ይደውላል። የሚጠይቀው ከፍቅር ነው። ቢሆንም ምን ሊነገረው እንደሚችል የሚወስነው ደንበኛው ነውና፣ ይህ ወንድምየው ሳይደውል በፊት መነጋገሪያ መሆን አለበት። ስለ ክፍያ ራሱ ማፈር አይጠቅምም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ሕክምና አጀማመር በጻፈው ጽሑፍ ሐኪሙ የገንዘብን ነገር በግልጽ እንዲያነሣ መክሯል፤ ታካሚው ቢቀርም የተያዘለት ሰዓት እንደሚከፈልበት ጠበቅ አድርጎ ጽፏል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ አንድ ቀን ቀድሞ ከተነገራቸው አያስከፍሉም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ አይመጣም። ሽማግሌ ዘንድ የሄደ ሰው ሽማግሌው ይፈርድለታል፤ ንስሐ አባት ቀኖና ይሰጣሉ። ሳይኮሎጂስቱ ጥያቄውን መልሶ ለጠያቂው ሲያቀርብለት «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» የሚል ቅሬታ ቢነሣ አይፈረድም። ይህ ትግል በፊልም ተቀርጾ የቀረበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኤቨረት ሾስትሮም ባወጣው ፊልም ግሎሪያ የተባለች ከባሏ የተፋታች ሴት ከሦስት ስመ ጥር ባለሙያዎች፣ ከካርል ሮጀርስ፣ ከፍሪትዝ ፐርልስና ከአልበርት ኤሊስ ጋር በየተራ ትቀመጣለች። ለሮጀርስ የምታነሣው ነገር የቤት ጭንቀት ነው፦ ትንሿ ልጇ ፓሚ እናቷ ከፍቺው በኋላ ከወንድ ጋር ግንኙነት እንደነበራት ጠይቃት፣ ግሎሪያ ዋሽታታለች። እውነቱን ብነግራት ትጎዳብኝ ይሆን? መልሱን ከእሱ ለማግኘት ደጋግማ ትወተውተዋለች። ሮጀርስ አይፈርድም፤ ግን አይሸሽምም። ሊመልስላት ቢችል ደስ እንደሚለው፣ ነገር ግን ይህ የራሷን ሕይወት የሚነካ በመሆኑ መልሱን እንድታገኘው ሊረዳት እንደሚፈልግ በግልጽ ይነግራታል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ንግግሩ ከፓሚ ተነሥቶ ግሎሪያ ራሷን እንዴት እንደምትኮንን፣ ከዚያም ስለ አባቷ ወደ መናገር ይደርሳል።

የፊልሙ ቀጣይ ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ፐርልስ አፋጠጣት፤ ፈገግታዋን ሳይቀር የማስመሰል ነው አላት። ኤሊስ አስተሳሰቧን በምክንያት እየሞገተ አስረዳት። ሲያበቃ ማን ይበልጥ እንደሚጠቅማት ብትጠየቅ ያፋጠጣትን ፐርልስን መረጠች። ለዓመታት ደብዳቤ የተጻጻፈችው ግን ከሮጀርስ ጋር ነው። አንዲት ሴት፣ ሦስት መንገድ፤ በዕለቱ የመሰላትና በኋላ የቀረላትም አንድ አልሆነም። ከአንድ ባለሙያ ጋር ያልተስማማ ሰው «እኔን ሕክምና አይረዳኝም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይህን ፊልም ቢያይ ይጠቅመዋል። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረውን መንገድ የሚከተሉት ባለሙያዎች ለምሳሌ የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ የሚያስጨንቀውን ሐሳብ በደብተር አስጽፈው እየመረመሩ ይሠራሉ። ቁርጥ ያለ ነገር የሚወድ ሰው ይህ ይስማማው ይሆናል። ምክር የማይሰጥ ባለሙያም ለምን እንደማይሰጥ ማስረዳት አለበት፤ እንዲያው ዝም ብሎ መቀመጥ የሮጀርስ መንገድ አልነበረም።

በሙያው ውስጥ ላለ ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ባለሙያዎች ከ550 ደንበኞቻቸው መካከል እነማን እየባሰባቸው እንደሚሄድ እንዲገምቱ ተጠየቁ። የጠቆሙት ሦስት ሰው ብቻ ነበር። በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ሆኑ፤ ከሦስቱ ግምት የሠመረው አንዱ ነው። የተማረና ልምድ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው እየሰጠመ መሆኑን ላያይ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ የእኛን ይሉኝታ እንጨምርበት። ደንበኛው ባለሙያውን ያከብራል፤ ሊያስቀይመው አይፈልግም። «ባለፈው የነገሩኝ ምንም አልረዳኝም» ከማለት ይልቅ «በጣም ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣና ስልክ አያነሣም። ባለሙያው ዳነ ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ 669 ጥናቶችን የደመረ ትንተና ከአምስት ደንበኞች አንዱ ግድም ሕክምናውን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ አሳይቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ሥራ ደንበኛው ባለሙያውን መቃወም እንዲችል ማድረግ ነው። ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 የባለሙያና የደንበኛን ትብብር በሦስት ነገር ገልጾታል፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ መተማመን። ሦስቱም ካልተጠየቁ አይታወቁም። በየቀጠሮው ማብቂያ አምስት ደቂቃ ትቶ «ዛሬ ያልጣመዎት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ «ምንም» የሚል መልስ ሲመጣም በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ «ያን ቀን ያሉኝ ነገር ከፍቶኝ ነበር» የሚል ደንበኛ ሲገኝ፣ ባለሙያው ራሱን ሳይከላከል «ይንገሩኝ» ማለት መቻል አለበት። ይህ በማንበብ ብቻ አይመጣም፤ ደጋግመው ይለማመዱታል፤ ስም ሳይጠሩ ከአንጋፋ የሙያ ባልደረባ ጋርም ይወያዩበታል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ኬኔት ሃዋርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት እስከ ስምንተኛው ቀጠሮ ግማሽ ያህሉ፣ እስከ ሃያ ስድስተኛው ደግሞ ሦስት አራተኛው ደንበኛ መሻሻል አሳይቷል። እስራኤላዊው ሞሼ ታልሞን በበኩሉ ካሊፎርኒያ በሚሠራበት ሆስፒታል አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ለቀሩ 200 ሰዎች ስልክ ደውሎ ሲያጣራ፣ 78 በመቶዎቹ የፈለጉትን አግኝተው እንደሄዱ ተናገሩ። የቀረ ሁሉ ተቀይሞ አልቀረም። አንዳንዱ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ይደክመዋል፤ ሆድ ይብሰዋል፤ የዘጋው ነገር ስለተከፈተ ሁለት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ከመውጣቱ በፊት ቢነገረው፣ በሳምንቱ የመመለሱ ዕድል ይሰፋል።

አራት አምስት ጊዜ ተቀምጠው ምንም ለውጥ ካልታየ ጉዳዩን ማንሣት የደንበኛው መብት ነው። በአካል መናገር ከከበደ በጽሑፍ መልእክት ይቻላል፦ «የምንሄድበት መንገድ እየረዳኝ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነጋገርበት።» ባለሙያው አካሄዱን ይቀይር ይሆናል፤ ወይም ሌላ ባለሙያ ይጠቁማል። ደንበኛው ከፈቀደም የተሠራውን በአጭሩ ጽፎ ለሚቀጥለው ባለሙያ ይሰጣል፤ ያ ሰው ታሪኩን ሁሉ ከሀ ጀምሮ ዳግመኛ እንዳይናገር።