«ዳር» ከአምስት ስንት ያገኛል?

እስቲ አንድ ፈተና ልስጣችሁ። «ሙዝ» ምን ያህል ተጨባጭ ቃል ነው? ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡት። «ፍትሕ»ስ? ሙዝ 5፣ ፍትሕ 1 ወይም 2 ሳታገኝ አትቀርም። አሁን ደግሞ «ዳር»ን ሞክሩት።

ማርክ ብሪስባርት፣ ኤሚ ቤት ዋሪነርና ቪክቶር ኩፐርማን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ለ40 ሺህ ገደማ የእንግሊዝኛ ቃላትና ባለ ሁለት ቃል ሐረጎች አቅርቧል። መላሾቹ በኢንተርኔት የተገኙ፣ አሜሪካ የሚኖሩ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። በ1968 አለን ፓይቪዮና ባልደረቦቹ የለኩት 925 ስሞችን ብቻ ስለነበር ዝላዩ ትልቅ ነው።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ተጨባጭ ቃል ከረቂቅ ቃል ይልቅ በቀላሉ ይታወሳል። ፓይቪዮ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ተጨባጩ ቃል በቃልም በምስልም አእምሯችን ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው ይላል። ስለ ትውስታና ንባብ የሚያጠና ሰው እንግዲህ ቃላቱን መዝኖ መምረጥ አለበት። በዚህ በኩል የ2014ቱ ሥራ ባለውለታ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ቃሉ ብቻውን ነው የሚቀርበው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምትቆሙበት «ዳር» በእግር የሚረገጥ ነው። ሥራን «ከዳር ማድረስ» ግን አይረገጥም፤ በነገር «ዳር ዳር ማለት»ም እንዲሁ። በእንግሊዝኛም «ባንክ» የገንዘብ ተቋምም የወንዝ ዳርም ነው። ሰም እና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ አማካይ ይደብቃል። ሃያ ሰዎች ሁሉም 3 ቢሰጡ አማካዩ 3 ነው። አሥሩ 1፣ አሥሩ 5 ቢሰጡም ያው 3 ነው! የመጀመሪያው ስምምነት፣ ሁለተኛው ጭቅጭቅ ነው። አዘጋጆቹ የነጥቦቹን መራራቅ የሚያሳየውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽንም አብረው አቅርበዋል፤ አማካዩን ብቻ ለሚወስድ ተጠቃሚ ግን ምንም አይረዳውም። ሉዊስ ፖሎክ በ2018 እንዳሳየው፣ መሃል ላይ የሚገኙ ብዙ ቃላት እዚያ የደረሱት ሰዎች ስላልተስማሙባቸው ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ የሚከብደው፦ የማን ዓይን፣ የማን እጅ ነው የለካው? በረዶ የሚዘንብበት አገር ያደገ ሰው «ስኖው» የሚለውን ቃል ነክቶት ያውቃል። የሐዋሳ ልጅ ምናልባት በፊልም ብቻ ነው የሚያውቀው። እንሰት ግን ጓሮው ውስጥ ነው። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የመጽሐፍ አዘጋጅ «ተጨባጭ ነው፣ ይቀላል» ብሎ ከዚህ ዝርዝር ቃል ቢመርጥ፣ ለተማሪው ቀላል የመሰለው ሊከብደው ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የላንካስተር ዝርዝር የተሻለ ይጠይቃል። በአንድ ቁጥር ፈንታ ማየትን፣ መስማትን፣ መቅመስን፣ ማሽተትን፣ መንካትንና የሰውነትን የውስጥ ስሜት ለየብቻ ያስመዝናል፤ በየትኛው የአካል ክፍል እንደሚሠራም ይጠይቃል። «ረሃብ»ን አስቡት፦ አይታይም፣ አይነካም፣ ግን ማን ረቂቅ ይለዋል? ያም ሆኖ እዚያም ቃሉ ያለ ዐረፍተ ነገር ነው የሚቀርበው።

ስለዚህ ዝርዝሩን አትጣሉት፤ ግን ቁጥሩን የቃሉ ባሕርይ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ቁጥሩ የሚነግረን የተወሰኑ ሰዎች፣ በተወሰነ ቦታ የሰጡትን ግምት ነው። ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ሞክሩት፦ «ፍቅር» ስንት? «ሐይቅ» ስንት? የከተማችን «ፍቅር ሐይቅ»ስ? አማካዩን ከማስላታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ነጥብ ጻፉ። በጣም የተራራቁትን ሁለቱን ደግሞ «ምን አስባችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።