ስም ያልወጣለት

ድሮ «ፍራንከንስታይን» ሲባል ዓይኔ ላይ ድቅን የሚለው አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት ጭራቅ ነበር። ያን መልክ ያወረሰን እ.ኤ.አ. የ1931 ፊልም ነው። ልብ ወለዱን ሳነብ ግን ስሙ የሠሪው፣ የቪክቶር ፍራንከንስታይን፣ ሆኖ አገኘሁት። ፍጡሩ ስም የለውም። ሕፃን ሲወለድ ቀድመን «ስሙን ማን አላችሁት?» አይደል የምንለው? ቪክቶርን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ልጅ መሰል ነገር እንዳለው መች ለሰው ነገረና!

ሜሪ ሼሊ በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ስትጀምረው ገና 18 ዓመቷ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጇን ቀብራለች። በ1818 ለንደን ላይ ሲታተምም የደራሲዋ ስም አልተጻፈበትም። (ስም ማጣቱ ለሁለቱም ደርሷል ማለት ነው።)

ብዙ ሰው መጽሐፉን «በፈጣሪ ሥራ አትግባ» የሚል ማስጠንቀቂያ አድርጎ ያነበዋል። ቪክቶርም ዕውቀት መሻቱ እንዳጠፋው ደጋግሞ ያማርራል። እኔ አላምነውም። ይህን ሁሉ የሚነግረን እኮ እሱ ራሱ ነው! «ብዙ ማወቅ ፈለግኩ» ብሎ መናዘዝ ቀላል ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ያኮራል። የሚከብደው ሌላው ነው፦ ፍጡሩ ዓይኑን በገለጠባት ሌሊት መልኩን አይቶ ጥሎት ወጣ። ያ ሰውዬ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ እጁን ሲዘረጋለትም ሸሸ።

ከአእምሮዬ ያልወጣው የጀስቲን ፍርድ ነው። የቪክቶር ታናሽ ወንድም ይገደላል፤ እነሱ ቤት የምታገለግለው ጀስቲን ትከሰሳለች። ቪክቶር ገዳዩ የእጁ ሥራ እንደሆነ አልጠፋውም። ቢናገር እብድ ነው ይሉኛል ብሎ ዝም አለ። ልጅቷ ሞተች። እሱ ታዲያ ምን ቢለን ጥሩ ነው? የኔ ሥቃይ ከተከሳሿ ይብስ ነበር ይለናል። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

እንከን የለበትም አልልም። ፍጡሩ በሳንቃ ስንጥቅ እያጮለቀ ቋንቋ ለምዶ ሚልተንን እስከማንበብ መድረሱ ትንሽ በዛ። ቢሆንም አፉን ከፈተ በኋላ ከሠሪው ይልቅ እሱ ያሳምነኛል፤ የሚጠይቀውም አብራው የምትኖር አንዲት ሴት ብቻ ነው።

ቪክቶር እሺ ይላል። ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ተደብቆ ሲሠራት ግን ሐሳቡ ይለወጣል፦ ብትወልድስ? ስምምነቱን አልቀበልም ብትልስ? ስለሚመጣው ማሰቡ ደግ ነበር፤ ግን ያኔም ማንንም ሳያማክር፣ በሌሊት፣ ብቻውን ወሰነና ገነጣጠላት። መሥራቱም ማፍረሱም በድብቅ ነው። እኔ ድንበሩን የማየው እዚህ ነው፤ ከዕውቀቱ ይልቅ የበር መዝጊያው ላይ።

በመጨረሻ መርከብ ላይ ሊሞት ሲል ቪክቶር ያለፈ ሥራውን ይመረምራል። የሚያስነቅፍ ነገር አላገኘም።